ቴሌቪዥን በሱቅ ድምቀት አይመረጥ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጅማ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ሂርማታ ወይም ፈረንጅ አራዳ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ይገባል፤ የበሩትን ሦስት አራት ስክሪኖች ያያል፤ ደምቆ የታየውን አስጭኖ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ያ ድምቀት ወይ የለም፣ ወይ ዓይን ያደክማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያወዳደረው የቴሌቪዥኖቹን ሴቲንግ ነበር።

ለሽያጭ የተደረደረ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» በሚባለው ፒክቸር ሞድ ላይ ነው። ባክላይቱ፣ ማለትም ስክሪኑን ከውስጥ የሚያበራው መብራት፣ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የሰው ፊት ቲማቲም ይመስላል። የሚታየውም ቪዲዮ አምራቹ ራሱ አሳምሮ ያዘጋጀው ስለሆነ የትኛውም ስክሪን ላይ ያምራል። ገዢው ሪሞቱን ተቀብሎ የሚያወዳድራቸውን ሁሉ «ስታንዳርድ» ወይም «ሙቪ» ላይ ያድርግ፤ ከዚያ በፍላሽ የያዘውን አንድ ቪዲዮ በየተራ ይክፈት። ቪዲዮው በቅርብ የተነሳ የሰው ፊት፣ የኳስ ጨዋታና የሌሊት ትዕይንት ይኑረው። ኳሷ ጭራ ካበቀለች ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው የስክሪኑ አካል፣ ቀርፋፋ ነው።

ትልቁ ልዩነት ጥቁሩ ላይ ነው። ኤልኢዲም ተባለ ኪውሌድ፣ ሁለቱም ከኋላ ወይም ከጠርዝ በባክላይት የሚበሩ የኤልሲዲ ስክሪኖች ናቸው፤ ኪውሌድ ቀለሙን የሚያጠራ ተጨማሪ ሽፋን ስላለው ብቻ ይለያል። ኦሌድ ግን ባክላይት የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው። በምስል ጥራት የሚስተካከለው የለም። ሆኖም ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ተከፍቶ በሚዋልበት ቤት ኦሌድ አንመክርም፤ ጥግ ላይ የማይነቃነቀው የጣቢያው አርማ ከጊዜ በኋላ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ይቀራል።

የኤልሲዲ ፓኔልም ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ ንጽጽሩ፣ ማለትም ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ለ1 በላይ ይሆናል። ነገር ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል። አይፒኤስ ከጎንም ቀለሙን አይለቅም፤ ንጽጽሩ ግን ወደ 1000 ለ1 ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ሲታይ ጥቁሩ አመድማ ነው። እኛ ዘንድ ሶፋው ግድግዳ ይዞ ስለሚደረደር ፊት ለፊት የሚቀመጠው ጥቂት ሰው ነው፤ እንግዳ በሚበዛበት ሳሎን አይፒኤስን እናስቀድማለን። ሻጩ የፓኔሉን ዓይነት ባያውቅ እንኳ ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ሄዶ ማየት ይበቃል።

ስለ ፎር ኬ ብዙ ይወራል። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነጥብ ነው፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ። ነገር ግን ባለ 43 ኢንች ስክሪን ከ1.7 ሜትር በላይ ርቆ ለሚያይ ጤነኛ ዓይን ልዩነቱ አይለይም፤ ለ55 ኢንች ርቀቱ 2.2 ሜትር ገደማ ነው። በዲሽ የሚመጡልን ጣቢያዎችም በአብዛኛው ከኤችዲ አያልፉም። ለ43 ኢንች ገንዘቡን ከፎር ኬ ይልቅ ለተሻለ ፓኔል ማዋል ያዋጣል። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር» (በደማቁና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳይ) ተብሎ መጻፉም ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ብርሃኑ በኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) 300 ገደማ የሆነ ቴሌቪዥን ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ልዩነቱን አያሳይም።

ያለ ሪሲቨር ዲሽ በቀጥታ ለመሰካት የፈለገ ሰው ከጀርባው በጥርስ የሚጠብቅ የዲሽ መሰኪያ መኖሩንና ስፔኩ ላይ የሳተላይት መቀበያ ምልክት የሆነው «ኤስ2» መጻፉን ይይ። «ቲ2»፣ ማለትም የተራ አንቴና መቀበያ፣ ብቻ ያለው ዲሽ አይቀበልም። ስማርት የተባለውን ደግሞ ሜኑው ውስጥ ገብቶ የሞዴል ቁጥሩን ከጀርባው ጽሑፍና ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። የሳምሰንግ ስማርት ቴሌቪዥን ታይዘን በሚባል ሶፍትዌር፣ የኤልጂ ደግሞ ዌብኦኤስ በሚባለው ይሠራል። የሳምሰንግ ስም ለብሶ የአንድሮይድ ሜኑ የሚያወጣ ስማርት ቴሌቪዥን ሐሰተኛ ነው።

ለጥገና ከሚመጣው ብዙው የባክላይት ብልሽት ነው። ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የስልክ ባትሪ አስጠግተው ሲያበሩበት ምስሉ በስሱ ይታያል። አምፖሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሌሎቹም ይጠፋሉ። የሚያቃጥላቸው ሙቀት ነው፤ ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 ወይም 70 ማውረድ ዕድሜያቸውን ያረዝማል።

ሌላው ጠላት መብረቅ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ብቻ ነቅሎ የዲሹን ገመድ መተው ቴሌቪዥኑን አያድንም፤ መብረቁ በገመዱም ይገባል። መብራት ሲጠፋም ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ነው። የዛሬ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠሩ የኃይል ማነስ ብዙም አይጎዳቸውም፤ የሚጎዳቸው መብራት ሲመጣ ድንገት የሚያሻቅበው ነው።

ጽዳቱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ውሃ ስክሪኑ ላይ ከተረጨ ወርዶ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ያሉትን ቀጫጭን ሪባኖች (ጠፍጣፋ የምልክት ገመዶች) ይበላል፤ ከዚያ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። ይህ ከወጣ ጥገናው ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አይርቅም። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ነጋዴዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚሸጠው ራሱ ከካርቶን ወጥቶ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በየተራ ይታይበት፤ እያንዳንዱ መሰኪያም ይሞከር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያዎች
ከጅማ