ስድቡን ማን ያንብበው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ታናሽ እህቴን በማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች በዘሯ የሚሰድቧት ሰዎች ከበዙ ወዲህ ስልኳን የምይዘው እኔ ነኝ። እሷ እንዳታየው እኔ አነባለሁ። መጀመሪያ የአካውንቱን ስምና ቀኑን የሚያሳይ ስክሪንሾት አነሳለሁ፤ ቀድሞ የሰረዘ ሰው ማስረጃ አይኖረውም። ከዚያ ሪፖርት አደርጋለሁ።

መድረኮቹ ምንም አልሠሩም አልልም። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ያመጣው የመገደቢያ ቁልፍ ለኔ ከብሎክ ይሻላል። ተሳዳቢው መገደቡ አይነገረውም፤ እኛ ካልፈቀድን ኮሜንቱን ሌላ ሰው አያየውም። ብሎክ የተደረገ ግን ይነቃና በእልህ በሌላ አካውንት ይመጣል። በ2021 ደግሞ እኛ የመረጥናቸውን ቃላት የያዘ መልእክት የሚደብቅ ማጣሪያ ተጨመረ። ደግ ነው። ግን የስድቡን ዝርዝር ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ማነው? ያው ተሰዳቢው!

እኔን ያንገበገበኝ መልሱ ነው። በአንዱ መድረክ ላይ «ትጥፋ» ያላትን ሰው ሪፖርት አድርጌ «መመሪያችንን አይጥስም» ተባልኩ። ለምን? ዝም። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች ውሳኔያቸውን ለጠቋሚው እንዲያሳውቁና ትልልቆቹ ደግሞ ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ እንዲከፍቱ ያስገድዳል። ሌላ አገር ያለ ተጠቃሚስ ምን አጠፋ?

አቤቱታዬን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይየው። ብዙ ሆነው ሲዘምቱባትም ሁሉንም በአንድ ሪፖርት ላቅርብ፤ አንድ በአንድ መልቀም ሰለቸኝ።

የተሰዳቢዋ ታላቅ እህት