ደብዳቤ ለልጄ፦ ማክሰኞ ማታ ፓውዛው ሥር

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? የማንችስተር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ተሽሏታል፤ ወንድምሽም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ የተውኩት ነገር ስላለ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ለፈተና እየተጣደፍሽ ነበር፣ የኔ ወሬ ደግሞ ረዘም ይላል።

ያለፈው ማክሰኞ ማታ ቻምፒየን ሂል ገብቼ ኳስ አየሁ።

የቱ ሜዳ እንደሆነ አትረሺውም። እዚህ ለንደን፣ ዶግ ኬነል ሂል ላይ፣ ከሴንስበሪ ሱፐርማርኬት ጎን ያለው፣ የዳልዊች ሃምሌት ክለብ ሜዳ ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ አንድ ማታ ከአክስትሽ ቤት ስንመለስ 176 አውቶቡስ ፎቁ ላይ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ፓውዛውን አየሽና «አባዬ፣ እዚያ መብራት ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልሽኝ። «ኳስ ነው» አልኩሽ። «እንግባ?» አልሽ። «ሌላ ቀን» አልኩሽ። ከዚያ በኋላም ሁለቴ ጠይቀሽኛል፤ መልሴ ያው ነበር። አራተኛ ጊዜ አልጠየቅሽኝም።

ሥራ ስለሚያደክመኝ ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ድካሙም ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩ የኛ አልመሰለኝም። የእንግሊዝ ኳስ ለኔ በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ነው። የአርሰናልን ትኬት ዋጋ አንዴ ጠይቄ ደንግጬ ተመልሻለሁ። ይሄኛው ደግሞ ትንሽ የሰፈር ክለብ ስለሆነ የሚተዋወቁ ሰዎች ብቻ የሚገቡበት አድርጌ ነበር የማየው፤ እኔ በሾፌር ልብሴ፣ ትንሽ ልጅ በእጄ ይዤ ብገባ ዞር ብለው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ለራሴ የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ያስቀረሁት ግን አንቺን ነው። ይሄ ነው ሲከነክነኝ የኖረው።

ያንን መንገድ ስንት ዓመት ነዳሁት! በክረምት ማክሰኞ ማታ ዳገቱን ስወጣ ፓውዛው በርቶ ካየሁ ጨዋታ እንዳለ አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ለወራት ጨለማ ነበር። አንቺ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው። ክለቡ ፈርሷል ብዬ ደመደምኩ፤ የማላውቀው ክለብ ሆኖ ሳለ ለምን እንዳዘንኩ አልገባኝም ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ እንደገና ሲበራ አይቼ ፌርማታው ላይ ከሚገባው በላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ሺፍቴን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ፣ ለእናትሽም ሳልነግር ሄድኩ። ወደ ሜዳው የሚያስገባው መንገድ ኤድጋር ኬል ዌይ ይባላል። ትኬቴን ቆርጬ ገባሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አንዲት ሴትዮ ብቻ «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?» አለችኝና አዎ ስላት ሻይ የሚሸጥበትን አሳየችኝ።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ከሜዳው የሚለይሽ ወገብሽ ድረስ የሚመጣ የብረት አጥር ብቻ ነው። ክርንሽን አስደግፈሽ ስትቆሚ መስመር ዳኛው እፊትሽ ይሮጣል፣ ሲያለከልክ ትሰሚዋለሽ። በቴሌቪዥን ኳስ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ኮሜንታተሩ ነው የሚሰማው። እዚህ ኳሱ ሲመታ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። ሁለት ሰዎች በጭንቅላት ሲዘሉ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ይሰማል። የዳልዊች በረኛ ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራ «ውጣ! ውጣ!» ሲል ጉሮሮው ሊቀደድ ነበር። ማዕዘን ምት ከመመታቱ በፊት ውኃ ከኮዳው አፍስሶ ጓንቱን አራሰ፣ መዳፉን ሁለቴ አጨበጨበ፣ ጠብታው በፓውዛው ብርሃን ሲበተን አየሁት። ይህን ያህል ነው የምትቀርቢው። ከልጆቹ ትከሻ እንፋሎት ይነሣ ነበር።

ልጄ፣ ያኔ ካታንጋ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም እኛ ካምቦሎጆ የምንለው፣ ጥላ ፎቅ አቅም ላለው ነው፤ እኔና አጎትሽ ካታንጋ ነበርን፣ ገንዘብ ሲጎድል ሚስማር ተራ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ ከጠዋት ጀምረን ተሰልፈን፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ካርቶን ለሦስት ተከልለን፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን እናያለን። ለንደን ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቆሜ ኳስ አይቼ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ቻምፒየን ሂል እንደ ካታንጋ አይጮህም፣ ሰዉም ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን አጠገብሽ ያለው የማታውቂው ሰው ክንድሽን ይዞ «አየኸው?» የሚልሽ ነገር፣ እሱ ያው ነው።

ክንዴን የያዙኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሮዝና ጥቁር ሰማያዊ ስካርፍ አድርገዋል፣ የክለቡ ቀለም ነው። ከአባታቸው ጋር በልጅነታቸው መምጣት እንደጀመሩ ነገሩኝ። ስለ መንገዱ ስም የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻሉም፣ እኔም እንዲያቆሙ አልፈለግኩም። ኤድጋር ኬል ለዚህ ክለብ ከ400 በላይ ጎል ያገባ አጥቂ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ቢፈልጉትም ደመወዝተኛ ተጫዋች አልሆንም ብሎ እዚሁ ቀረ፤ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 1929 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ፓሪስ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታው ፈረንሳይ ላይ ሁለት አገባ።  ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት የአያትሽን ፊት ነው። አያትሽ በኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል በዓይኑ አይቷል። ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወራ እንዲህ ነበር የሚሆነው፤ ትናንት ያየው ነበር የሚመስለው።

ጨለማውንም አስረዱኝ። ለካ በ2018 መጋቢት ላይ ከመሬቱ ባለቤቶች ጋር በተነሣ ክርክር ክለቡ ከገዛ ሜዳው ተባርሮ ነበር። የክለቡን ስም እንኳ እንዳይጠቀሙ ተብሎ ነበር። በ1893 የተቆረቆረ ክለብ! የቱቲንግ ኤንድ ሚቻም ክለብ ሜዳ ላይ፣ የሰው ሜዳ ላይ እየተጫወቱ፣ ያው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ አደጉ። በገና ማግስት ተመለሱ። ያን ዕለት ሽማግሌው እንዳለቀሱ ሲነግሩኝ አላፈሩም። እኔም አውቶቡሴን አቁሜ መብራቱን አይ እንደነበር ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ትወጂዋለሽ። የድሮው ሜዳ ሴንስበሪ ባለበት በኩል ነው የነበረው፤ የአሁኑ በ1992 ነው የተከፈተው። በ1933 እዚያ አንድ የአማተሮች ዋንጫ ፍጻሜ ለማየት ከ20,000 በላይ ሰው ገብቷል። በ1948 ኦሎምፒክ ደግሞ ኮሪያ ሜክሲኮን 5 ለ 3 ያሸነፈችው እዚሁ ቻምፒየን ሂል ነው። እኔና አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሪ እየገፋን ሽንኩርት የምንመርጥበት ቦታ! ኮሪያዎቹ ከዚያ ሁሉ አገር በመርከብና በአውሮፕላን መጥተው እዚህ ሲሮጡ አስቢው።

አሁን ክለቡ ኢስሚያን ሊግ ነው የሚጫወተው፣ ከፕሪሚየር ሊግ ስድስት እርከን ዝቅ ይላል። በዚህ እርከን ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቀን ሥራ ውለው፣ ማታ ቦርሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔም የሥራ ሰው ስለሆንኩ ይሁን፣ አንድ ቁጥር ሦስት የለበሰ ልጅ በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ገደማ ባቱ ጨምድዶት ተቀምጦ እንደገና ሲነሣ ልቤን ነካኝ። ነገ ጠዋት ሥራ ይገባል እኮ።

እረፍት ላይ ደጋፊው ሁሉ ከአንዱ ጎል ጀርባ ተነሥቶ ወደ ሌላኛው ሄደ፤ ቡድናቸው የሚያጠቃበትን ተከትለው ነው። ሽማግሌው «ና» አሉኝ፣ ተከተልኳቸው። ቢራም በእጃቸው ይዘው ነው የሚያዩት፤ በትልልቆቹ ስታዲየሞች ይህ ከ1985 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። ልጆች በሰዉ እግር መሀል ይሯሯጣሉ። አንዲት ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ትዘፍን ነበር። እሷን ብዙ አየኋት።

እንግዳው ቡድን 1 ለ 0 መርቶ፣ ሊያልቅ ሲል ዳልዊች አገባ። ከቅጣት ምት የተመለሰ ኳስ ነው፤ በሰው እግር መሀል ተሹለክልኮ መረቡን ሲነካ እኛ ካለንበት ሦስት ሜትር አይሆንም። ጮህኩ፣ ልጄ። በአማርኛ ነው የጮህኩት፤ «ገባ! ገባ!» ብዬ። ሽማግሌው አቀፉኝ። በአቻ አለቀ።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት። እናትሽ ስንት ሰዓት እንደሆነ ዓይታ ደንግጣ ነበር፣ ድምፄ ሻክሮ ስትሰማ ደግሞ የባሰ ደነገጠች። ነገርኳት። «ልጅቷ ስንቴ ለመነችህ» አለችኝ፣ ሌላ አላለችም።

የኔ እናት፣ ያኔ «ሌላ ቀን» ስላልኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን አድገሻል፣ ጓደኞች አሉሽ፣ ከአባትሽ ጋር ኳስ ማየት ላያምርሽ ይችላል፤ ካላማረሽ አልቀየምም። ግን ለፋሲካ እረፍት ስትመጪ ሊጉ አያልቅም። ማክሰኞ ጨዋታ ካለ ሺፍቴን እቀይራለሁ። 176ን ይዘን፣ ፎቁ ላይ ከፊት ተቀምጠን እንሂድ። ካልሲ ሁለት ደርበሽ ነይ፤ ብርዱ የሚገባው ከሲሚንቶው ነው።

አባትሽ፣ ከካምበርዌል