ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እሁድ ስትደውዪ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። የሕንፃችሁ ተከራዮች ማኅበር የቴሌግራሙን ፓስወርድ ማን ይያዝ በሚል ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቀ አልሽኝ። ሳቄ መጣ፤ አትቀየሚኝ። በእኛ ጊዜ ፓስወርዱ ማኅተም ነበር።

በ1997 ምርጫ ጎረቤት እየተውኩሽ ለተቃዋሚዎቹ ጥምረት ለቅንጅት ቤት ለቤት ስቀሰቅስ ትዝ ይልሻል? ቦኖው አጠገብ የሚኖሩት እማማ «ፊደል አላውቅ፣ በምን ልለየው?» አሉኝ። የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው። «ወረቀቱ ላይ ይችን ፈልገው ምልክት ያድርጉ» አልኳቸው። ግንቦት 7 ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ማታ በሬ ላይ ቆመው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ሁለት ጣት አወጡልኝ። የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ቅንጅት ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም 137ቱን።

የኋላውን ታውቂዋለሽ፣ ጥይቱንም እስሩንም። መሪዎቹ ሐምሌ 1999 ሲፈቱ እልል ብለን ሳንጨርስ የሊቀመንበሩ የኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ወገን፣ የምክትላቸው የነብርቱካን ሚደቅሳ ወገን መባል መጣ። እነሱ ሲካሰሱ በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠው። እነብርቱካን አንድነት የሚባል አዲስ ፓርቲ ይዘው ሀ ብለው ጀመሩ።

ጠብ ሁሉ ከንቱ ነው አልልሽም። ከምርጫው በኋላ ፓርላማ ይገባ አይገባ የሚለው ክርክር የምር ክርክር ነበር። በእሱስ ቢጣሉም አይፈረድባቸውም። የኋለኛው ግን ማን ሊቀመንበር ነው፣ ማኅተሙ ማን ጋ ነው ሆነ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አብራኝ በር ስታንኳኳ የከረመችው ጓደኛዬ ከሌላው ወገን ቆመች ብዬ ሰላምታ ነሳኋት። ወንድሟ ሲሞት ለቅሶ እንኳ አልደረስኳትም። ይኸው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አቀረቅራለሁ።

እማማም አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ አሁን ይቺ ጣት የማን ናት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ታክሲ አመለጠኝ ብዬ ሮጥኩ።

ባለፈው ማሞቂያቸው ተበላሽቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የሚያድሩ አሮጊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሉ ብለሽኝ ነበር። ተሠራላቸው? እሁድ ስለ እሳቸው ምንም አላነሳሽልኝም።

እናትሽ