ለታሪክ መምህራን፦ የቅዳሜው ስብሰባ

ሰላም መምህራን፣

ቅዳሜ የምንገናኘው ለሁለተኛ ደረጃ የምናዘጋጀውን የአካባቢ ታሪክ ምዕራፍ ረቂቅ ለመጨረስ ነው። ሰዓቱ ጠዋት 3፡00፣ ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የተለመደው ቤተ መጻሕፍት። ከአንኮበርና ከደነባ የምትመጡ ብትዘገዩ እንጠብቃለን፤ ከተማ ያለን ግን ሰበብ የለንም።

ዋናው ውሳኔ ምዕራፉ በምን ይጀምር የሚለው ነው። በረቂቁ ላይ የነገሥታት ዝርዝር ከፊት ተቀምጧል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተማሪው ስምና ዓመት ሸምድዶ ይፈተናል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። ይልቅ በ1870ው የልቼ ስምምነት እንጀምር። ልቼ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ናት። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ጥያቄያቸውን ትተው ለአፄ ዮሐንስ ሊገብሩ ተስማሙ፤ በምላሹ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸደቀላቸው። «ተሸነፉ ወይስ አተረፉ?» ብላችሁ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ክፍለ ጊዜው አይበቃችሁም።

ሌላው አንኮበር አጠገብ ያለው የድሮው የንግድ ከተማ፣ አልዩ አምባ ነው። ገበያው ካልገባ ምዕራፉ የቤተ መንግሥት ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሞሌ ጨዉ፣ ቡናው፣ ከቆላ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ይግባበት። የአንኮበር ልጆች ይህን ክፍል ብትይዙልን?

ስትመጡ መርሐ ትምህርቱን፣ ተማሪ የወደደላችሁን አንድ የክፍል ሥራ፣ የቆየ ሰነድ ወይም ፎቶ ካላችሁም በስልክ አንስታችሁ ያዙ። ከአዛውንት የቀዳችሁት ድምፅ ካለ አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሻይ ዳቦ አለ።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የምትቀሩም በልቼ ወይስ በነገሥታቱ ይጀመር የሚለውን ሐሳባችሁን አብራችሁ ላኩ።