በነሐሴው ዝናብ ለቤተ መጻሕፍታችን ለደረሳችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለእድሮቻችን አባላት፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች፤

ነሐሴ 8 ሌሊት የጣለው ዝናብ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ኮርኒስ ደርምሶ መደርደሪያዎቹ ላይ ወረደ። ጳጉሜን 3 ቀን መጻሕፍቱ ወደየቦታቸው ተመልሰው በሩ ተከፈተ። በመካከሉ ያለውን ሥራ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ ስማችን አይጠራ ስላላችሁ በየሙያችሁ እንጠራችኋለን። ማን ምን እንዳደረገና ለምን እንደበጀ ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ደግሞ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በየክረምቱ ይኸው ስጋት ስላለበት ነው። ላልሰማ አሰሙልን።

ምስጋናችን ከሌሊት ዘበኛውና ከመብራት ሠራተኛው ይጀምራል። በኮርኒስ የሚወርድ ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው የአምፖሉን ሽቦ ነው፤ ወለሉም ውኃ ከያዘ ባትሪ አብርቶ ዘሎ መግባት ለመጽሐፍ ብሎ ሰው መቅበር ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ማንንም አላስገባም። መብራት ሠራተኛው ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋና ማጥፊያ ዝቅ አድርጎ ሽቦው መሞቱን በመሞከሪያ ካረጋገጠ በኋላ ነው የመጀመሪያው ሰው እግሩን ያስገባው።

ቀጥሎ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ጎህ ሳይቀድ ነፋ። ጥሩምባ የሚነፋው ለቀብር ስለሆነ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ነው ያረፈው?» እያሉ ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ ነጠላውን መልሰው ለብሰው ሳጥን ፍለጋ ሄዱ። የእድሩ ዳኛ ለማስነፋቱም፣ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ያለ ኪራይ ለማውጣቱም ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብለዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄ ቢነሳባቸው አብረናቸው እንቆማለን።

አትክልት ነጋዴዎቹ ያመጣችሁት ቀዳዳ ያለው የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን ከካርቶን ሁሉ በለጠ። ካርቶን ራሱ ይርስና ሥሩ ይቀደዳል፤ የእናንተው ግን ውኃውን ያንጠፈጥፋል። መጽሐፍ በጀርባው ቁጭ ብሎ አንድ ረድፍ ብቻ ይገባበታል፤ ከተደራረበ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። የራሰ መጽሐፍ አብጦ መደርደሪያው ላይ ይቀረቀራል። ጫፉን ይዞ መጎተት ጀርባውን መገንጠል ስለሆነ፣ ከዳር አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውጥቶ ቦታ ከፈጠሩ በኋላ ቀሪውን በሁለት እጅ መሃሉን ይዞ ማንሳት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይህን አንድ ጊዜ ታይቷቸው ሁለተኛ መንገር አላስፈለገም።

ድንኳኑ ሥር በሦስት ተለየ፦ የጠገበ፣ ጠርዙ ብቻ የራሰ፣ ደረቅ። ግላሲ የምንለው የሚያብለጨልጭ ወረቀት ለብቻው ተቀመጠ፤ የሚያስቸኩለውም እሱ ነው። ይህ ወረቀት በነጭ አፈርና በማጣበቂያ የተለበጠ ነውና ርሶ መድረቅ ሲጀምር ገጽ ከገጽ እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ በቢላም አይላቀቅም። አትላሶቹ፣ የሥነ ሕይወት ሥዕል መጻሕፍቱ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጡን በራሪ ጽሑፎች ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። ባጃጅ አሽከርካሪዎቹ በላስቲክ የታሠረውን እየጫናችሁ ወደ ልኳንዳ ቤቱና ወደ ሆቴሉ ያመላለሳችሁት እነዚህን ነበር።

ልኳንዳ ለምን? እርጥብ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላል፤ ሁሉን በዚያ ጊዜ ማድረቅ ደግሞ አይቻልም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚያወርድ ዲፕ ፍሪዘር ሻጋታውንም መጣበቁንም ባለበት ያቆማል፤ ጊዜ ይገዛል። ጋሼ ባለ ልኳንዳ፣ ጊዜው ፍልሰታ መሆኑ ጠቀመን፤ ፍሪዘሩ ባዶውን ነበር። ጾሙ ሊፈታ ሲል ለሥጋው ቦታ ያስፈለገ ጊዜም በር ላይ ሳያስቀምጡ፣ የቀረውን በራሳቸው ሰው ወደ ሆቴሉ ፍሪዘር አዛውረውልናል። ከዚያ በየቀኑ አሥር አሥር እየወጣ፣ እየሟሟ፣ ተራው እየደረሰው ደረቀ።

ማተሚያ ቤቱ ያልታተመበትን ቁርጥራጭ ወረቀት በጆንያ ሰጠን። በየሃያው ቅጠል አንድ ወረቀት ይገባል፤ መጀመሪያ ቀን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይለወጣል፤ የሚገባው ወረቀት ግን ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ ካለፈ ጀርባውን ይሰብራል። የታተመ ጋዜጣ አይሆንም፤ ቀለሙ እርጥቡ ገጽ ላይ ይተላለፋል። ውኃ የጠገበውን መጽሐፍ ደግሞ በግድ አይገልጡትም፤ ገጹ እንደራሰ ቂጣ ይቆረሳል። ለብቻው ቆሞ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ይከፈታል።

በቅንነት የቀረቡ ሦስት እርዳታዎችን አልተቀበልንም፤ እንዳትቀየሙን ምክንያቱን እንናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድና ካውያ ወረቀቱን ያደርቁታል፤ ግን ያደርቁታል ብቻ ሳይሆን ያንኮሻኩሹታል፣ የጀርባውንም ሙጫ ያቀልጡታል። የፀጉር ቤቱ ካስክም እንዲሁ። ፀሐይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ታታልላለች። እኛ ሳናውቅ ቆርቆሮ ላይ የተሰጡ ጥቂት መጻሕፍት ከሰዓት በኋላ ሽፋናቸው እንደ ደረቀ ቁርበት ተቆልምሞ ተገኘ፤ ውጭው ቀድሞ ሲደርቅና ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ነው። የሚያስፈልገው ሙቀት ሳይሆን የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ፀጉር አስተካካዮቹ ያዋሳችሁን ቬንትሌተሮች ወደ ግድግዳ ዞረው እንጂ ወደ መጽሐፉ ተነጣጥረው አልነፉም። ዝናብ ሲመጣ መስኮት የሚዘጉ፣ ሲያባራ የሚከፍቱ ልጆች ተራ ገቡ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በነሐሴ ግን ግማሹ ሥራ እሷ ነበረች።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስም ያለባቸውን ልጆች ከድንኳኑ አስወጥታ ለቀሩት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አምጥታለች። ሻጋታ እርጥብ ሳለ ቢጠረግ ይቀባል እንጂ አይነሳም፤ ደርቆ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚጠረገው። መጽሐፍ መድረቁን በዓይን መለየት አይቻልም። እማማ ባልትና መሃሉን ከፍተው ጉንጫቸው ላይ እያስጠጉ «ይቺ ገና ናት» ይሉ ነበር፤ እርጥበት ያለው ወረቀት ይቀዘቅዛልና። ከደንቡ ሁሉ የሳቸው ጉንጭ ይሻል ነበር። ሊደርቅ ሲቃረብ በሁለት ጣውላ መሃል ገብቶ ክብደት ይጫንበታል፣ ሳይቆለመም እንዲቀር። ለትልልቁ ከግንባታ ቦታ ብሎኬት መጣ፤ ለትንንሹ የሕፃናት መጽሐፍ ከየቤቱ የወፍጮ መጅ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ መጣ።

ያልተረፈም አለ። ሁለት አትላስ ጡብ ሆነው ቀርተዋል። ውኃው የጀርባ ሌብሎቹን ስላረገፈ የየትኛው መደርደሪያ እንደሆኑ የጠፋብን ብዙ ነበሩ። መዝገቡ ከሁሉ በፊት ወጥቶ ነበርና፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ በተወሰነ ገጽ ላይ የሚጻፈው የመዝገብ ቁጥርም በእስክርቢቶ የተጻፈ ስለሆነ አልለቀቀምና፣ ሁለቱን እያመሳከርን ቦታቸውን አገኘን። የማኅተሙ ቀለም ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ፈሷል። መልሰው የደረደሩት ልጆች አንድ ነገር አከራክሯቸዋል፦ የፈረንጅ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ፣ የእኛ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚደረደረው። የአባት ስማችን የቤተሰብ ስም አይደለምና።

ለምን እንደመጣችሁ ስንጠይቅ «ልጄ እዚያ ስለምትማር» ያለ ጥቂት ነው። የሚበዛው «ዓይኔን የታየሁበት ቤት ነው» ወይም «ያቺ የጥያቄ ሳጥን ያለችበት» አለ። ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ የሚያከብራቸው ቀናት ዕዳቸውን የከፈሉ ይመስለናል። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ላገለገላችሁም ምስጋናችን ይድረስ።

የዓለም የዓይን ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለተኛው ሐሙስ ነው፤ በእኛ ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 4 ባለው ውስጥ ይውላል። የዓይን ነርሱ ቤተ መጻሕፍቱን የመረጠው ርዝመቱ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳው የሚታይበትን 6 ሜትር ስለሚሞላ ነው። ሰሌዳው ፊደል የለውም፤ ሦስት ጣት የመሰለ ምልክት ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞሮበታል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ሰው በተጋፋ ቁጥር ወረፋው እየገፋ 4 ሜትር ላይ መቆም ይመጣል፤ ያኔ ደካማውም ዓይን ያልፋል። ወለሉ ላይ በኖራ መስመር ያሰመረው አናጢ ይመስገን። ዓይንም በጣት አይሸፈን፤ ልጆች በጣታቸው መሃል ያያሉ፣ ካርቶን ይያዙ። ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጡት ብዙዎች የጎደለው የቅርብ መነጽር ብቻ መሆኑ የታወቀውም በዚያች ዕለት ነው።

ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲሴምበር 1 የሚታሰበው የኤድስ ቀን ኅዳር 22 ይውላል። ከዚያ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አገናኝተን የወረርሽኝና የንጽሕና መጻሕፍትን አሥሩን ቀን ሽፋናቸው እንዲታይ አድርገን እናቆማለን። ላስቲክ ከቆሻሻው ጋር አብሮ እንዳይቃጠል የሚለውም እዚያው ይነገራል። ኅዳር 22 ንግግር 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የኋላው ወንበር ይለቃል። ጎረቤቱ ፊት እጁን አውጥቶ ስለ ኤች አይ ቪ የሚጠይቅ ስለሌለ የጥያቄ ሳጥኗ ሳምንት ቀድማ ትቀመጣለች። ወረቀቱ ሁሉ እኩል ተቆርጦ እስክርቢቶውም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ ሰው በወረቀቱ ይታወቃል።

ግንቦት 20 የወር አበባ ንጽሕና ቀን ነው። ፈረንጆቹ ሜይ 28ን የመረጡት 28 የዑደቱን፣ አምስተኛው ወር ደግሞ የሚፈስበትን ቀን ብዛት እንዲጠቁም ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመጣ ይህ ትርጉም ይጠፋና ቀኑ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ወላጆች ቅር እንዳይላቸው ዓላማውን ቤት ለቤት ያስረዱት የሴቶች እድር እናቶች ናቸው።

ቀናቱን በግድግዳ ለሚጽፉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት፣ ከየካቲት 22 በፊት የሚውሉት የዓለም ቀናት በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ወደኋላ ይመጣሉ። ጳጉሜን 2019 ስድስት ስለምትሆን በ2020 ዓ.ም. የኤድስ ቀን ኅዳር 21 ነው። የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሚያዝያ 15 የመጽሐፍ ቀን፣ ግንቦት 28 የአካባቢ ቀን ግን አይነቃነቁም።

ዩኔስኮ ያወጣው የማንበብና መጻፍ ቀንም ሁልጊዜ ጳጉሜን 3 ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ግን በአገራችን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ያልፋል። ዘንድሮ በሩ የተከፈተው ሆን ተብሎ በዚያች ዕለት ነው። ሩፋኤልም ነበርና ዝናቡ አልቀረም፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲጠመቁ እኛ ኮርኒሱን ቀና ብለን እያየን ነበር። አንድ ጠብታ አልወረደም። ቆርቆሮ ሠሪው ችግሩን ቀድሞ አውቆት ነበር፦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ የጨርቅ ኳስ አሸንዳውን ደፍነው ውኃው ወደኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ገብቷል፤ የሚስማሮቹም ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎማዎቹን ቀይሮ የእጅ ዋጋ አልተቀበለም። አሸንዳው ከእንግዲህ በግንቦት መጨረሻና በሐምሌ አጋማሽ ይጠረጋል፤ መሰላሉን የሚያውሰው ጎረቤት ቀኑን ጽፎ ይዟል።

ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ታጥበው ለእድሩ ተመልሰዋል። የቲማቲም ሳጥኖች ተቆጥረው ተመልሰዋል፤ አንዱ የተሰነጠቀው ተከፍሏል። ቬንትሌተሮቹም እንዲሁ። ባለቤት ያልተገኘላቸው አንድ ሰማያዊ ጃንጥላና ሁለት መጅ ናቸው። ከመጆቹ አንዷ ጫፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች፤ እኛ ጋ ሳትመጣ በፊትም እንደዚያው ነበረች ተብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነንና የእኔ ናት የምትሉ መጥታችሁ ውሰዱ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ