ደብዳቤ ለልጄ፦ ያቺን ፖርሽ ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ልጄ ማህሌት፣

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የ2002 ፖርሽ ቦክስተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ 2.7 ሊትር ሞተር። ምርጫሽን ወድጄዋለሁ። እናትሽ አሁንም ቶዮታ ይሻላታል እንዳለች ናት። እኔ ግን ምን ያህል ስትመኚያት እንደኖርሽ ስለማውቅ አትግዢ አልልሽም። ሳታስመረምሪ እንዳትገዢ ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። የዚህች መኪና ጣጣ የሚጀምረው ከተገዛች በኋላ ነው።

ከሁሉም በፊት ስለ አንዲት ኩሽኔታ ልንገርሽ። እዚህ አሜሪካ ያሉ መካኒኮች አይ ኤም ኤስ ይሏታል። በሞተሩ ውስጥ፣ ከኮሎው (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሥር የሚዞር አንድ ዘንግ አለ። የኮሎውን ዙር ተቀብሎ በካቴና ወደ ቫልቮቹ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው የዘንጉ ጫፍ የተቀመጠው በዚህች ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ግራሶ ተሞልታ የታሸገች ናት። ዓመታት ሲያልፉ ማሸጊያዋ ይደክማል። የሞተር ዘይት እየሰረገ ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፤ ኳሶቹም ቀስ በቀስ ይበላሉ። የተሰበረች ቀን ካቴናው ቦታውን ይስታል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። ሌላ ሞተር ለማስገባት የሚወጣው ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ቦክስተሮች ሁለት ረድፍ ኳስ ያላት ጠንካራ ኩሽኔታ ነበረቻቸው። ከ2000 ገደማ በኋላ ወደ አንድ ረድፍ ተቀየረች፤ ደካማዋ እሷ ናት። ያንቺዋ የምትወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። በኋላ፣ በ2006 ሞዴሎች ላይ፣ ተለቅ ያለች ኩሽኔታ ገባች። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ዘንጉ ራሱ ቀረ። የ2001 እስከ 2005 ሞዴሎች ባለቤቶች በዚህ ምክንያት ፋብሪካውን አሜሪካ ውስጥ ከስሰው፣ ጉዳዩ በ2013 በስምምነት አልቋል። የካሳው ጊዜ ስላለፈ ግን ላንቺ የሚጠቅምሽ ነገር የለም።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። አብዛኞቹ ሳይሰበሩ ዛሬም ይሄዳሉ። ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቂው ግን ይህንን ይሁን፦ «ኩሽኔታዋ ተቀይራለች? ደረሰኙስ የታል?» ኩሽኔታዋን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይራታል። «ተቀይራለች» ብሎ ወረቀት ከሌለው እንዳልተቀየረች ቁጠሪው።

ካልተቀየረች የዘይት ማጣሪያው ይከፈት። በዚህ ሞተር ላይ ማጣሪያው ከሥር በኩል ነው፣ ወረቀት ነው፣ ለማውጣትም አያስቸግርም። መካኒኩ ወረቀቱን ዘርግቶ በጥሩ ብርሃን ይየው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ማግኔት ያስጠጋበት። ማግኔቱ ከሳበው ድርድሩ እዚያው ያብቃ፣ መኪናዋን ተያት። ጥቁር ወይም ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ ከተገኘ ግን የካቴናው መምሪያ ነው። ትንሽ ከሆነ በዚህ ዕድሜዋ አያስደነግጥም። ሻጩ ማጣሪያው እንዳይከፈት ከከለከለም ጥለሽው ሂጂ። ሌላ ቦክስተር አይጠፋም።

ቀጠሮ ስትይዢ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሪው። ስትደርሺ የማርሚታውን ጫፍ በእጅሽ ጠጋ ብለሽ እይ፤ የሚሞቅ ከሆነ አንድ የሚደብቀው ነገር አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ትንሽ ጭስ ቢያወጣ አትደንግጪ፣ የዚህ ሞተር ፒስቶኖች ወደ ጎን የተኙ ስለሆኑ የሚጠበቅ ነው። መንገዱን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ከሆነና አልቆም ካለ ግን የዘይት ትነት መለያው ተበላሽቷል። ሌላም መፈተኛ አለው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺው፤ የምታገኚው ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ክዳኑ አልላቀቅ እስኪል ወደ ውስጥ ከሳበሽ ችግሩ ያው ነው። እዚያው ሳለሽ ምንጣፉን አንሺና ዳብሺው። የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ሲሰነጠቅ የሚያረጥበው ያንን ነው።

ፍሪሲዮኑን ስትነጂ ትፈትኚዋለሽ። በ5ኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ እየሄድሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ርገጪው። የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። ይህ ለብቻው ከመግዛት የሚያግድሽ አይደለም። እንዲያውም ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ኩሽኔታዋን አብረሽ ታስቀይሪያለሽ፤ የሁለቱንም ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። በሞተሩና በካምቢዮው መገጣጠሚያ ላይ ዘይት ካዩም የዚያኑ ዕለት አብሮ የሚሠራ ነው። 2ኛ ማርሽ ስታስገቢ ከጮኸ ወይም ከገባ በኋላ በራሱ ከወጣ ግን ካምቢዮው ራሱ ተጎድቷል። እሱ ሌላ ወጪ ነው።

ኮምፒውተሯንም ያንብቡላት። ሞተሩ ከመጠን በላይ ዞሮ ከነበረ፣ ለምሳሌ ነጂው 4ኛ ሊያስገባ ብሎ 2ኛ አስገብቶ ከሆነ፣ ተመዝግቦ ይገኛል። ሻጩ ያልነገረሽን እሱ ይነግርሻል።

ጣሪያዋ ጨርቅ ነው፤ የ2002ቷ የኋላ መስኮት ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ መስታወት የገባው በ2003 ነው። በብርድ ቀን እንዳታጥፊው፣ ይሰነጠቃል። የጣሪያው የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። በሹፌሩ ወንበር ሥር ደግሞ የቁልፍና የማንቂያ ደወሉ ኮምፒውተር ተቀምጧል። እሱ ከረጠበ መኪናዋ አትነሳም። ስለዚህ ወንበሩ ሥር እጅሽን አስገብተሽ ምንጣፉን ጫን አድርጊው፣ እርጥበት ካለ ይታወቅሻል።

ኦሃዮ ውስጥ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳል። የፖርሽ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ በቀላሉ አይዝግም። አካሏ ላይ ዝገት ካየሽ ተጋጭታ የተጠገነች ልትሆን ስለምትችል ታሪኳን በሻንሲ ቁጥሯ አጣሪ። የማርሚታ ብሎኖችና የፍሬን ቱቦዎች ግን ይዝጋሉ፤ ከሥር ሲያነሷት ይዩልሽ። ከፊት በሁለቱም ጎን ባሉት ራዲያተሮች ላይ የተጠራቀመ ቅጠልም ይበሰብስና ይበላቸዋል። የጎማዎቹ ዕድሜ ጎናቸው ላይ በ4 አሃዝ ተጽፏል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሻል። ገና ወፍራም ጥርስ ቢኖራቸውም ካረጁ ዝናብ ላይ አይይዙም። በፍጥነት የምትነዳ መኪና ስለሆነች ይህን ቸል አትበዪብኝ፣ ልጄ።

ማይሉ ትንሽ ስለሆነ አትታለዪ። ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ከቆመች መኪና ይልቅ በየጊዜው እየተነዳች ዘይቷ በሰዓቱ የተቀየረላትን እመርጣለሁ። ሞተሩ ከ8 ሊትር በላይ ዘይት ይይዛል፤ መቀየሪያው ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያዘገየዋል። የደረሰኞቹን ቀን ተራ በተራ አንብቢ።

መካኒኩን ራስሽ ምረጪ፣ ፖርሽ የሚያውቅ ይሁን፣ ሻጩ የሚጠቁምሽ ጋ አትሂጂ። ለምርመራው የምትከፍይው ገንዘብ አይቆጭሽ፤ ካስፈለገ እኔ እልካለሁ። ማጣሪያውን ሲከፍቱት ወረቀቱን ከቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አይቼው እደውልልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍዪ።

አባትሽ