«መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል» ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔም እናትሽም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስንደዋወል «አባዬ፣ መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና ከዚያ ወደ እግዚአብሔር እመለሳለሁ» ብለሽኝ ነበር። ዝም ያልኩሽ ተስማምቼ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ሲናገሩት ቁጣ ይመስላል፤ ተጽፎ ቢደርስሽ ይሻላል ብዬ ነው።

አነጋገርሽ ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን ትንሽ ኩራትም ሰምቼበታለሁ። «ልስተካከል» የሚል ሰው ሲመጣ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ባዶ እጁን መቅረብ ያሳፍረዋል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ነካው፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» «ማንም እንዳይመካ» የምትለዋን ደጋግመሽ አንብቢያት። ስጦታ ይዞልሽ የመጣን ሰው ቦርሳሽን ከፍተሽ «ስንት ልክፈልህ?» ብትይው ቅር አይለውም? ለአንቺ ነጻ ይሁን እንጂ ሰጪውን ደሙን አስከፍሎታል።

ከወንጌል ሰዎች ሁሉ ሐሳቤን የሚይዘው ከጌታ ጋር ከተሰቀሉት ወንበዴዎች አንዱ ነው። ማቴዎስ ሁለቱም ይነቅፉት እንደነበር ይነግረናል፤ ሉቃስ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሲገሥጸው ያሳየናል። ሁለቱን አገናኝቼ ሳነብ፣ ይህ ሰው ሲሳደብ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ልቡ የተመለሰ ይመስለኛል። እስቲ ምን ማስተካከል ይችል እንደነበር አስቢው። እጁ እንጨቱ ላይ ነው፤ የሰረቀውን አይመልስም። እግሩ እንጨቱ ላይ ነው፤ የበደለው ሰው ደጅ ሄዶ ይቅርታ አይጠይቅም። አይጾም፣ አይመጸውት። የቀረችው ምላሱ ብቻ ናት። በእርስዋም ፍርዱ የሚገባው መሆኑን አመነና «ጌታ ሆይ፥ በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ። እርሱ ነገሩን ለወደፊት ቀጠረው። መልሱ ግን «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል ነበር።

አውቅሻለሁ፣ «ዘኬዎስስ?» ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ ያ ቀራጭ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሰጠ፣ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ግን የቱ እንደቀደመ ተመልከቺ። ጌታ እርሱ ከወጣበት ሾላ ሥር ቆሞ በቤቱ ሊውል እንደሚገባው ሲነግረው ዘኬዎስ ገና አንዲት ሳንቲም አልመለሰም ነበር። መጀመሪያ እንግዳው ገባ፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ወጣ። አንቺ የገለበጥሽው ይህን ነው። ዘኬዎስ ጊዜ አገኘና መለሰ፣ ወንበዴው ጊዜ አላገኘም፤ ሁለቱም ዳኑ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ይላልና በዚህ ስንቱ ተጣልቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1517 ጀምሮ የምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች የተከፋፈሉበት አንዱ ጉዳይም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሉተራውያንና ካቶሊኮች አውግስበርግ ላይ ተገናኝተው፣ እግዚአብሔር የሚቀበለን በእኛ ብቃት ሳይሆን በጸጋው ብቻ ነው የሚል የጋራ መግለጫ ተፈራረሙ። አራት መቶ ሰማንያ ዓመት ፈጀባቸው! አንቺ በአንድ ስልክ ስላልተዋጠልሽ አልፈርድብሽም። እኔ ያዕቆብን የምረዳው እንዲህ ነው፦ የዳነ ሰው ይሠራል፤ ካልሠራ መዳኑን ራሱ ይጠርጥር። ኤፌሶንም ከዚያው ጥቅስ ቀጥሎ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል።

ከልጅነትሽ ጀምሮ አድልዎ የማትወጂ ስለሆንሽ፣ የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ታሪክ ሳያናድድሽ አይቀርም። አንዱ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲያቃጥለው ይውላል፤ ሌላው በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣና አንድ ሰዓት ይሠራል፤ ሁለቱም አንድ አንድ ዲናር ይቀበላሉ። እኔን የሚያስገርመኝ የአከፋፈሉ ተራ ነው። ባለቤቱ ከጠዋቶቹ ጀምሮ ቢከፍል ኖሮ የተስማሙበትን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ ማንም አያጉረመርምም። እርሱ ግን ሆን ብሎ ከኋለኞቹ አስጀመረ፤ የቀደሙት ቆመው እንዲያዩ። የቆየ ክርስቲያን ሁሉ የሚፈተነው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። አንቺ ግን ለጊዜው ራስሽን ከመጨረሻዎቹ ጋር አሰልፊ፤ ታሪኩ ወዲያው ይጣፍጥሻል።

አሁን ልንነጋገርበት ወደማትወጂው ልምጣ። የሙሴ ጸሎት የተባለው መዝሙር የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ ይላል፤ እኔ ወደ ሰባው ተጠግቻለሁ። ሞት ሲነሣ ወሬ አትቀይሪብኝ። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበው ሀብታም ጥፋቱ እህል ማከማቸቱ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን ሲያቅድ ነፍሱ የምትወሰድባትን ያችን ሌሊት ረሳት። እኔ ዕዳዬን እየከፈልኩ፣ የተቀየምኳቸውን ሰዎች እየፈለግሁ ነው። አንዳንዱ ስልኬን አያነሣም፤ እሱንም ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። ይህን የማደርገው መግቢያ ለመግዛት እንዳይመስልሽ። ሸክም ይዤ መሄድ ስላልፈለግሁ ነው። ስፍራውንማ ያዘጋጀው እርሱ ነው፦ «በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» ብሏል። እዚያ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚጠብቀን መጽሐፍ ጥቂት ነው የሚነግረን፤ ጳውሎስም ሲናፍቅ ከክርስቶስ ጋር ልኑር አለ እንጂ ስለ ወርቁ ጎዳና አላወራም። እንግዲህ መዘጋጀት ማለት ለእኔ አብሬው የምኖረውን ከአሁኑ መልመድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለደቂቃዎችም ቢሆን አነጋግረዋለሁ፤ አንዳንዴ የምለው ይጠፋኝና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

የሚከብደኝ ነገር አንድ ነው። የአሥሩን ደናግል ምሳሌ ሳነብ ድሮ ልባሞቹ ንፉግ ይመስሉኝ ነበር፤ መብራታቸው ሊጠፋባቸው ለነበሩት ለሰነፎቹ ዘይት ቢያካፍሉ ምን ነበረበት? አባት ከሆንኩ ወዲህ ግን አባባላቸው ገብቶኛል። ያለኝን ሁሉ ሰጥቼሽ አላውቅም ይሆን? ይህን ግን ልሰጥሽ አልችልም። እናትሽ ሌሊት ተነሥታ የምትጸልየው ጸሎት ስለ አንቺ ነው እንጂ በአንቺ ፈንታ አይደለም። «አስበኝ» የምትለዋን ቃል ራስሽ መናገር አለብሽ፤ ዛሬ፣ እንዳለሽ፣ ያላስተካከልሽውን ሁሉ ይዘሽ።

ሉቃስ 23ን ከቁጥር 39 ጀምረሽ አንብቢና ያልተዋጠልሽን ጻፊልኝ። ስለ ጠዋቶቹ ሠራተኞች መከራከር ካማረሽ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውዪ፤ እናትሽም ከእነሱ ወገን ናትና አትቸገሪም።

አባትሽ